ከውጫሌ የሚመጣው ሰውዬ

አባቴ ሲሞት ወንድሜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ለቅሶ የመጡት አጎቶቻችንና የሰፈር ሽማግሌዎች ሲወጡ ትከሻውን ያዝ እያደረጉ፣ ከእንግዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ አሉት። ሁሉም ይህንኑ ብለው ሄዱ። የቤቱ ወንድ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚናገር፣ ሲቸግረው ማንን እንደሚጠይቅ ግን የነገረው የለም። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። ስለዚህ ወንድሜ ከእሱ አይቶ የያዘው ብዙ ነገር አልነበረም። ወንድነትን የተማረው ከኪራይ መጽሐፍ ነው።

ያኔ በከተማችን በሐይቅ፣ መናኸሪያው አጠገብ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነበር። ከሚያከራያቸው አብዛኞቹ የወንጀል ልብ ወለዶች ናቸው። ሽፋናቸው ላይ ሽጉጥ ወይም ፊቱ በግማሽ የጨለመ ሰው አለ። ብዙ እጅ ስለዞሩ ወረቀታቸው ለስልሷል፤ የአንዳንዶቹ የመጨረሻ ገጾች ተገንጥለው ጠፍተዋል። ወንድሜ ያነብና ለእኔ ይሰጠኛል። እኔ ከእሱ በሦስት ዓመት አንሳለሁ። መጨረሻው የጠፋ መጽሐፍ ሲገጥመን ገዳዩ ማን እንደሆነ እንከራከራለን። እሱ ሁልጊዜ ከውጭ የመጣውን ሰው ይጠረጥራል። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ካሉት አንዱ ነው እላለሁ። የሚፈርድልን ገጽ ስለሌለ ክርክሩ ለቀናት ይቆያል፤ እናቴ ከስፌት ስትመለስ ሁለታችንንም ዝም ታሰኘናለች።

የእነዚያ መጻሕፍት ወንድ የት እንደሚሄድ ለማንም አይናገርም። ሻይ ቤት ሲገባ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጣል። ሰው ሲያገኝ አስቀድሞ ጫማውን ያያል። አያለቅስም፤ ሌላው ሲያለቅስ ደግሞ ለምን እንዳለቀሰ ይጠረጥራል። ወንድሜ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ያዘው። ቤታችን ውስጥ የሚቀመጥበትን ቦታ ለወጠ። እናቴ ወዴት ነው ስትለው «መጣሁ» ብቻ ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን የአክስታችን ልጅ ደሴ ልትታከም ስትሄድ እኛ ቤት አረፈች፤ ከሄደች በኋላ ወንድሜ፣ ያመማት ሆዷን ነው ብላ ነበር፣ ስትቀመጥ ግን የምትይዘው ወገቧን ነው አለኝ። ልጅቱ እርጉዝ ነበረች። ነገሩ ሲታወቅ ወንድሜ ለሳምንት ያህል ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

ለውጡ የመጣ ሰሞን ይሄ ነገር ባሰበት። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር፤ መንገድ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ይተቃቀፉ ነበር። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ስለ ድብቅ እስር ቤቶችና ሰው ስለሚሰቃይባቸው ክፍሎች ያሳይ ጀመር። ሌላው ሰው ያንን እያየ ሲያለቅስ ወንድሜ ግን ራሱን እየነቀነቀ፣ አላልኩሽም ይለኛል። መጽሐፎቹ እውነት ሆነውለት ነበር። ከእያንዳንዱ ደህና ከሚመስል ግድግዳ ጀርባ ሌላ ክፍል አለ ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቆ ሥራ አላገኘም፤ ጊዜው ሁሉ የእሱ ነበር። ቀኑን መናኸሪያው አካባቢ ቆሞ የሚወርደውንና የሚሳፈረውን ሲያይ ይውላል።

ከውጫሌ የሚመጣውን ሰውዬ መጀመሪያ ያየው እዚያ ነው።

ሰውዬው የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። በየገበያው ቀን ከውጫሌ በሚኒባስ ይመጣል። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ጺሙን አሳጥሮ የሚከረከም፣ ሲሄድ ግራና ቀኝ የማያይ ሰው ነው። ከማይለያት የቆዳ ቦርሳው ውስጥ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የዘይት ጠርሙስና ልዩ ልዩ ጥቃቅን ብረት አለ። እናቴ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው የምትሰፋው፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ጀለቢያ፣ መጋረጃ። እሱም እዚያ በረንዳ ላይ ከሚቀመጡት ሰፊዎች ጋር ሰላም ተባብሎ፣ የተበላሸ ካለ ያስተካክልና ከሰዓት በኋላ ወደ አስር ሶላት ገደማ ወደ ውጫሌ ይመለሳል።

ወንድሜ ሰውዬው ሙያውን የተማረው ወደ ሰሜን ሄዶ እንደሆነ፣ እዚያም ብዙ ዓመት እንደኖረ ከሆነ ሰው ሰማ። በእርግጥም ንግግሩ ውስጥ አልፎ አልፎ የዚያ አገር ቃል ጣል ያደርጋል። በደህናው ጊዜ ይሄ ምንም አይደለም፤ ወሎ ውስጥ ያልተቀላቀለ ሰው ማን አለ። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ግን የሰው አነጋገር እንደ መታወቂያ መታየት ጀመረ። በተከታዩ ክረምት ላይ ውጊያው ወደ ደቡብ እየወረደ ነው ተባለ። ገና ከእኛ ሩቅ ነበር፣ ወሬው ግን ቀድሞ ደረሰ። ሰርጎ ገብ የሚለውን ቃል ሕጻናት ሳይቀሩ ያውቁት ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች ተደራጅተው በከተማው መግቢያና መውጫ ኬላ ሲያቆሙ ወንድሜ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ሆነ። ዱላ ያዘ፣ ክንዱ ላይ ጨርቅ አሰረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጥያቄ ሲጠይቀው ሳይሆን እሱ ሰውን ሲጠይቅ አየሁት። ደስ ብሎት ነበር፤ ድምፁም ወፈር አለ።

ስለ ሰውዬው የሰበሰበውን ነገር የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው። ሰውዬው ሐይቅ ሲመጣ ሁልጊዜ ፋርማሲ ይገባል። ጥጥ፣ ፋሻና የቁስል ቅባት ይገዛል። ከአንድ ፋርማሲ አይደለም፤ ከአንዱ ትንሽ፣ ከሌላው ትንሽ እያደረገ ነው። ከዚያ ይህን ሁሉ ይዞ ወደ ሰሜን ይመለሳል።

«ይሄ ሁሉ ፋሻ ለማን ነው?» አለኝ። «እስኪ አንቺ ንገሪኝ። የስፌት መኪና ይደማል?»

ነገሩ እኔንም ከነከነኝ። ነገር ግን እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገርም ነበር፣ ለወንድሜ ያልነገርኩት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፈተና እየጠበቅሁ ስለነበር ብዙ ቀን እናቴ ዘንድ ሄጄ ቁልፍ እተክልላት ነበር። ሰውዬው የእናቴን መኪና ሲፈታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መኪናዋ ግን አልተበላሸችም። ጠዋት ስንሰፋባት የነበረችው መኪና ከሰዓት ትፈታለች፣ ትጠረጋለች፣ ዘይት ትቀባለች፣ እንደገና ትገጠማለች። እሱ ሲሠራ እናቴ ቀና ብላ አታየውም። እናቴ ከማንም ጋር ስታወራ ዓይን ዓይኑን የምታይ ሴት ናት። እሱን ብቻ ነው የማታየው። የገበያ ቀን ደግሞ ለወትሮው የማታወጣትን አረንጓዴ ሻሽ ታስራለች።

እንግዲህ እኔም የራሴን ጥርጣሬ ያዝኩ። ይሄ ሰው ውጫሌ ሚስት አለው ብዬ ደመደምኩ። በዚህ ዕድሜው ልብሱ ታጥቦ፣ አንገትጌው ተተኩሶ የሚመጣ ወንድ ብቻውን አይኖርም። እናቴን ሊያታልል ነው የሚመጣው። ወንድሜ አገር ሊሸጥ ነው ይላል፣ እኔ እናቴን ሊሰርቅ ነው እላለሁ፤ ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እየጠረጠርን ያንኑ ክረምት ገፋነው። እናቴን ብጠይቃት የምትነግረኝ አልመሰለኝም። እንዲያውም አንድ ቀን ዳር ዳር ስል፣ «አንቺ ልጅ፣ ያ ወንድምሽ የሚያነበውን ነገር ተይው» ብላ ቁልፍ የያዘውን ቆርቆሮ አቀበለችኝ።

ውጫሌ አክስት አለችኝ፣ የእናቴ ታናሽ። ልጠይቃት ብዬ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ተነሳሁ። ቀኑን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ሰውዬው ሐይቅ በሚሆንበት ቀን ቤቱን ላየው ነው። የምሄድበትን በትክክል አልተናገርኩም፤ እናቴን አክስቴ ጋ ነው ስላት ዝም ብላ ትንሽ ስኳር ቋጠረችልኝ። መንገድ ላይ ሚኒባሱ ብዙ ቦታ ቆመ። በየኬላው ወርደን መታወቂያ አሳየን። አንዱ ጠባቂ የእኔን ትምህርት ቤት መታወቂያ አገላብጦ አገላብጦ ፎቶው አንቺን አይመስልም አለኝ። ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ ክረምት ሰው ያከሳል ስትለው ሳይስቅ መለሰልኝ።

አክስቴን ብዙም አላዋየኋትም። የስፌት መኪና የሚጠግነው ሰው ቤት የት ነው፣ እናቴ ዕቃ ልካኝ ነው አልኳት። ከገበያው በላይ ባለው ቀበሌ፣ የባህር ዛፍ አጥር ያለው ነው አለችኝ። ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። መጀመሪያ ያየሁት ገመድ ላይ የተሰጡ የሴት ቀሚሶችን ነው። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ፣ ይኸው፣ አልኩ ለራሴ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ማነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ያረጀ ድምፅ ነው።

ገባሁ። አልጋ ላይ አንዲት አሮጊት በጎናቸው ተኝተዋል። በጣም ከስተዋል፤ ብርድ ልብሱ ስር ሰው ያለም አይመስልም። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ስለሆነ ሊያዩኝ አልቻሉም፤ ዞር ማለትም አይችሉም። ሰላምታ አቀረብኩና የሚጠገን መኪና አለን፣ ልጅዎትን ፈልጌ ነው አልኩ። ውሸቴ እዚያ ክፍል ውስጥ በጣም ተሰማኝ።

«ልጄ ሐይቅ ወርዷል» አሉኝ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመጣል። ጠዋት በዚህ ጎኔ አስተኝቶኝ ነው የሄደው፣ ሲመጣ ያዞረኛል። እስቲ ውሃ አቀብይኝ፣ አላህ ይስጥሽ።»

ውሃውን አፋቸው ላይ ያዝኩላቸው። ጎረቤታቸው የሆነች ሴት ድምፅ ሰምታ ገባችና ማንነቴን ጠየቀችኝ፤ ለእሷም ያንኑ ውሸት ነገርኳት። በረንዳ ላይ ወጥተን ስናወራ ቀሚሶቹ የአሮጊቷ እንደሆኑ፣ የሚያጥባቸውም እሱ ራሱ እንደሆነ ነገረችኝ። ጀርባቸው ከመተኛት ብዛት ቆስሏል። በየቀኑ ጠዋትና ማታ እሱ ነው የሚያጥብላቸው፣ የሚቀባቸው፣ በፋሻ የሚያስረው። ሌላ ሰው እንዲነካቸው አይፈልጉም፤ ያፍራሉ። ሚስቱ አሮጊቷ አልጋ ላይ የወደቁ ጊዜ ትታው ሄዳለች። ፋሻና ቅባት ውጫሌ ጠፍቷል አለችኝ፤ ያለው ሁሉ ወደ ጦሩ ስለሚሄድ ሐይቅም ቢሆን ለአንድ ሰው ብዙ አይሸጡለትም።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። የማስታውሰው በፍጥነት መድረስ እንደፈለግሁ ነው፤ ለወንድሜ የፋሻውን ነገር ልነግረው። ከመናኸሪያው ስወርድ መጽሐፍ አከራዩ ከሱቁ ወጥቶ፣ ወንድምሽ አንድ ሰላይ ያዘ አለኝ።

ሰው የሚሮጠው ወደ ቀበሌው ግቢ ነበር። ሰውዬው ከአንድ ዛፍ ስር ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አልታሰረም፣ አልተመታምም፣ ግን የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሷል። ቦርሳው መሬት ላይ ተዘርግፏል፤ ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ ጥቃቅን ብረቱ፣ ጥጡና ፋሻው ጎን ለጎን ተደርድሯል። ከአጥሩ ውጭ የተሰበሰበው ሰው ስለዚያ ብረት ሲያወራ ሰማሁ። አንዱ የፈንጂ ነው ይላል፣ ሌላው የሬዲዮ መገናኛ ነው ይላል። ስልኩ ውስጥ ካርታ ተገኘ የሚልም ነበር። ስልኩ ግን ካርታ የማያውቅ ቁልፍ ያለው ስልክ ነው፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል።

የኬላው ኃላፊ ቀድሞ ወታደር የነበሩ፣ ዝምተኛ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥያቄውን የሚጠይቀው ወንድሜ ነው። አባቱ ሊሆን የሚችለውን ሰው አንተ እያለ ነበር የሚጠይቀው። እኛ አገር ይሄ ብቻውን ጥፊ ነው። ሰውዬው ግን በእርጋታ ይመልሳል። ፋሻው ለታመሙት እናቱ እንደሆነ ተናግሯል። የታመመች እናት የሌለው የለም ብለው ወጣቶቹ ሳቁበት።

«ዛሬ የማንን መኪና ጠገንክ?» አለው ወንድሜ።

«የማንንም።»

«ባለፈው ገበያስ?»

ሰውዬው ቁልፉ የተበጠሰውን ሸሚዙን በእጁ ገጠም አደረገው።

«ሰፊዎቹን ጠይቀናል። ሥራ ሳይኖርህ በየገበያው ሐይቅ ምን ትሠራለህ? ማንን ልታገኝ ነው የምትመጣው?»

«የምመጣበት ጉዳይ የእኔ ብቻ አይደለም» አለ ሰውዬው። «የሌላ ሰውም አለበት። ስለዚህ አልናገርም።»

ይህን ሲል ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ተንጫጫ። ሌላ ሰው አለበት ማለት ወንድሜ ከተናገረው ሁሉ የባሰ ነበር። አንድ ሰው ከኋላ ድንጋይ አንስቶ ሲመዝነው አየሁ። የኬላው ኃላፊ ከወንበራቸው ተነሱ። ወንድሜ ፊቱ ገረጣ፤ ያሰበው ነገር እውነት ሆኖ ሲመጣለት የፈራ መሰለኝ።

በዚህ መሀል ሰዉ ተከፍሎ እናቴ ገባች። ከበረንዳው ቀጥታ ነው የመጣችው፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ነበር፣ ደረቷ ላይ መርፌዎች ተሰክተዋል። እኔን አየችኝ፣ ወንድሜን አየችው፣ ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«እኔን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው» አለች። «ሊያገባኝ ይፈልጋል፤ እኔም እሺ ብዬዋለሁ። ለልጆቼ እስክነግራቸው ለማንም እንዳትናገር ብዬው ነው ዝም ያለው።»

እናቴ ሐይቅ ውስጥ ያልሰፋችለት ሰው የለም ማለት ይቻላል። እዚያ አጥር ላይ ከተደገፉት ወጣቶች ግማሾቹ የለበሱት እሷ የሰፋችውን ሱሪ ነው። ወንድሜ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አንቺ አታውቂውም» አላት። «የምትይው እሱን ለማዳን ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ሰው ለማዳን ብዬ በዚህ ዕድሜዬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ባል እፈልጋለሁ የምል ይመስልሃል?»

ኃላፊው ወደ ሰውዬው ዞረው እውነት ነው ወይ አሉት። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ፣ እሷ ካለች ነው አለ። ኃላፊው ግን፣ የመጣበት ነገር ገብቶኛል አሉ፣ የፋሻው ነገር ግን አልገባኝም፤ ሰው ለሁለት ጉዳይ ሊመጣ ይችላል። የውጫሌን ቀበሌ እስክንጠይቅ ይቆይ አሉ። መስመሩ ደግሞ እየተቋረጠ ስለነበር ስልክ የሚሠራው ሲያሰኘው ነው።

ያን ጊዜ ሳላስበው ወደ መሀል ገባሁ። እናቱን ዛሬ አይቻቸዋለሁ አልኩ። ቤቱን፣ አጥሩን፣ ገመዱ ላይ የተሰጡትን ቀሚሶች፣ አሮጊቷ በየትኛው ጎናቸው እንደተኙ ተናገርኩ። «አሁንም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እየጠበቁት ነው» አልኩ። «እሱ ካልደረሰ የሚያዞራቸው የለም።»

ሰውዬው ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ያልፈራ ሰው ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ።

ወንድሜ ወደ እኔ መጣ። ውጫሌ ምን እንደወሰደኝ አልጠየቀኝም። «በዓይንሽ አየሽ?» ብቻ አለኝ።

«በዓይኔ። ውሃም አጠጥቻቸዋለሁ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። በሕይወታችን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ ውሸት ሲፈልግ አይደለም፣ እውነቱን ከእኔ ላይ ሊወስደው የፈለገ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ኃላፊው ሄዶ፣ ዋስ የሚያስፈልግ ከሆነ እኔ ነኝ አለ። ከጓደኞቹ አንዱ ክንዱን ይዞ፣ አብደሃል እንዴ፣ ያመጣኸው አንተ ነህ አለው። «ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለና ተንበርክኮ መሬት ላይ የተዘረገፈውን ዕቃ ወደ ቦርሳው መልሶ ማስገባት ጀመረ። ጥጡ ላይ የተጣበቀውን አቧራ አራገፈው። ሰውዬው ሊያግዘው ጎንበስ ሲል፣ «ይተውት፣ እኔ እሰበስበዋለሁ» አለ። አንቱ ያለው ያኔ ነው።

ችግሩ በዚያ አላበቃም። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ሌሎች ኬላዎች አሉ፣ ወሬው ደግሞ ከሚኒባስ ይፈጥናል። ወንድሜ ክንዱ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ሳይፈታ ከሰውዬው ጋር ተሳፈረ። እናቴ በመናኸሪያው በር ላይ ቆማ አየቻቸው። ልጇን ማጣት የፈራች ይመስለኛል፤ ግን አትከለክይውም ወይ ስላት፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ ብላኝ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ወንድሜ በማግስቱ ተመለሰ። ቆይቶ የነገረኝ፣ በየኬላው «ዘመዴ ነው» እያለ ሰውዬውን እንዳሳለፈው፣ ቤት ሲደርሱም ሰውዬው ሸሚዙን ሳይለውጥ እጁን ታጥቦ እናቱን ሲያዞር እሱ ደግሞ መብራት ይዞ እንደቆመ ነው። ቁስሉን ሲያይ ራሱን አዞረው፤ ወደ ውጭም ወጣ። ሰውዬው ከውስጥ፣ ና፣ ትለምደዋለህ አለው። ተመልሶ ገባ። ያንን ሲነግረኝ አለቀሰ፤ ለምን እንዳለቀሰ ለመጠርጠር ጊዜ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተጣደፈ። ከሰሜን የተፈናቀሉ ሰዎች ትምህርት ቤቶቹን ሞሉ። የመድፍ ድምፅ ከአምባሰል ተራሮች ማዶ መሰማት ጀመረ። ውጊያው ውጫሌን ተጠጋ ሲባል ወንድሜ ማንም ሳይጠይቀው ተነስቶ ሄደ። እሱና ሰውዬው አሮጊቷን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ጥቂቱን መንገድ በጋሪ፣ የቀረውን በእግር፣ ከዋናው መንገድ በሚርቀው የገበሬ መንገድ አምጥተው እናቴ አልጋ ላይ አስተኟቸው። በመንገድ ላይ ገበሬዎች ተራ በተራ ቃሬዛውን እንደተቀበሏቸው፣ አንዳንዶቹም በቃሬዛው ላይ የተኛው ሰው እንጂ መሣሪያ አለመሆኑን ብርድ ልብሱን ገልጠው እንዳረጋገጡ ነገሩን። ማንም ሰው ማንንም አያምንም ነበር።

ሰው ወደ ደሴና ከዚያም አልፎ ሲሸሽ እኛ ቀረን። አሮጊቷን ይዞ መሄድ አይቻልም፣ ትቶ መሄድም አይቻልም። ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ በነበረችበት ጊዜ በራችን ብዙ ጊዜ ተንኳኳ። ወንድሜ አልጋ ስር ተደብቆ ሳይሆን አሮጊቷ አልጋ አጠገብ ይቀመጣል። የገቡት ሁሉ የቁስሉ ሽታ ሲመታቸው ፈጥነው ይወጣሉ። እናቴ የምትሰፋባትን መኪና ግን ከሱቁ ወሰዷት። አሮጊቷ በዚያው ወቅት አረፉ። ለቀብር የተገኘነው በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት ወንድሜና ሰውዬው ናቸው። ሰውዬው አፈሩን ሲመልስ ወንድሜ አካፋውን ከእጁ ወሰደና፣ አንቱ ይረፉ፣ አለው።

ከተማዋ ከተለቀቀች፣ ሰዉም መመለስ ከጀመረ በኋላ ነው የእናቴና የሰውዬው ኒካህ የታሰረው። ቤታችን ውስጥ፣ ያለ ብዙ ሰው። ሼሁ የሚድራት ወሊዋ ማነው ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ወደ አጎቴ ዞረ፤ አጎቴም ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሜ ግን ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ እኔ ልጇ ነኝ አለ። ሼሁ ፈገግ ብለው እናቴን አስጠየቋት፤ ከጓዳ፣ እሱ ከሆነ ደስታዬ ነው የሚል መልስ መጣ። ወንድሜ ከሰውዬው ፊት ለፊት ተቀምጦ ቀኝ እጁን ያዘው። ሼሁ የሚሉትን ተከትሎ፣ እናቴን ለአንቱ ድሬያለሁ፣ አለ። መሀል ላይ ድምፁ ተቆራረጠበትና ሼሁ እንደገና አስባሉት። መህሯ፣ ባሏ የሰጣት ጥሎሽ፣ የስፌት መኪና ነበር፤ ሰውዬው ከተሰባበሩ መኪናዎች ብረት እየለቀመ የገጠማት፣ ስትሠራ ትንሽ የምትጮህ መኪና።

ጓደኛሞች ሆኑ ማለት አልችልም። ሁለቱም ዝምተኞች ናቸው፣ ስለ አምፖል አጠቃቀምና ስለ በር መዝጊያ ሰዓት ይጋጫሉ። ወንድሜ አሁንም እንግዳ ሰው ሲያይ ዓይኑ ይጠባል። ጦርነቱ ያንን ከማናችንም አላወጣም፤ እኔም ራሴ ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ የተቀመጠ ሰው አነጋገሩ ለየት ሲል ጆሮዬ ይቆማል፣ ከዚያም በራሴ አፍራለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደሴ ማተሚያ ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ እንደሚፈልግ ለእናቴ ነገርኳት። በዚያ ሳምንት ወንድሜ ሽቦ ልገዛ ነው ብሎ ደሴ ወጣ። በማግስቱ የእናቴ ባል የስፌት መኪና ቺንጋ ልፈልግ ነው አለና እሱም ወጣ። ወንድሜ ሽቦውን አላገኘሁትም ብሎ ያንኑ ቀን እንደገና ሄደ። ማታ ሁለቱም በአንድ ሚኒባስ ተመለሱ፣ አይተያዩም፣ እጃቸው ላይ ሽቦም ቺንጋም የለም። እናቴ ራት እያቀረበች የት ተገናኛችሁ አለቻቸው። ባሏ ወንድሜን አየው፣ ወንድሜ ሳህኑን አየ። በመጨረሻ ባሏ፣ «የልጁ ቤት አከራይ ደጃፍ ላይ ነው» አለ፤ «እኔ ስወጣ እሱ ሊያንኳኳ ነበር።»

እናቴ እንጀራውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሳቋ ግን ይሰማን ነበር። አከራይዋ ሴትዮ ለሁለቱም ምን እንዳለቻቸው ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ልጁን አገባሁት።